«ቼክ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ጥያቄዬና የሠላሳ አራቱ መልሶች ታሪክ

ሃያ ስድስት ዓመት በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ቼክ መንዝሬአለሁ። ቀኑን አይቼ፣ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ መግጠሙን አረጋግጬ፣ ፊርማውን ከናሙናው ጋር አመሳክሬ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን የወረቀቱ ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የልጅ ልጄን እንግሊዝኛ ሳስጠና ነው። መዝገበ ቃላቱ ስር «ቼክ» ብቻውን አንድ ዓምድ ሞልቶ አገኘሁት፤ መግታት፣ መቆጣጠር፣ ማረጋገጥ፣ የባንክ ወረቀት፣ አራት ማዕዘን ጥለት ያለው ጨርቅ፣ በአሜሪካ ምግብ ቤት ከምግብ በኋላ የሚመጣ ሂሳብ፣ በቼዝ ጨዋታ ደግሞ በንጉሡ ላይ የሚሰነዘር ጥቃት። ልጁ እነዚህ ሁሉ እንዴት አንድ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያንኑ ጥያቄ ስለ ቃላት በምንወያይበት መድረክ ላይ አቀረብኩ። ከጥያቄው ጋር የራሴንም ግምት ጨመርኩበት። በቼዝ ጨዋታ ማብቂያ የሚባለው «ሻህ ማት» ንጉሡ ሞተ ማለት ነው፤ «ማት» የእኛው «ሞተ» ነው፤ ስለዚህ «ቼክሜት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ግማሽ ጎኑ የሴማውያን ነው ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ። የተከተለውን እዚህ በተራ አስፍሬዋለሁ፤ ከመልሶቹ ውስጥ ያልጠበቅኩት ነገር ወጥቷልና።

1ኛውን መልስ የሰጡኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው። ስለ ጥያቄው አመስግነው መነሻውን በትሕትና አስቀመጡ። ቃሉ የሚጀምረው ከፋርስኛው «ሻህ» ነው፤ ትርጉሙ ንጉሥ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ንጉሥ ሲያጠቃ የንጉሡን ስም ጠርቶ ያስጠነቅቃል። ያ ጥሪ በዓረብኛ በኩል ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ተሻግሮ «ኤሼክ» ሆነ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ይገኛል። የጨዋታው ስም «ቼዝ» የዚሁ የፈረንሳይኛ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። ቼክና ቼዝ አንድ ቃል ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ።

2ኛው አጭር ነበር፤ ንጉሥ የሚለው ቃል እንዴት መግታት ሊሆን እንደቻለ ጠየቀ። መምህርቷ በ3ኛው መልስ ተመለሱበት። «ሻህ» ከተባለ በኋላ ተጫዋቹ ያሰበውን ሁሉ ትቶ ንጉሡን ከማዳን ሌላ ምንም ሊያደርግ አይችልም። እንግዲህ ቃሉ ድንገት ባለህበት መቆም ሆነ፤ ከዚያ ልጓም፤ ከዚያ ስሕተትና ስርቆት እንዳይገባ የሚቆም ጠባቂ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መመርመርና ማረጋገጥ የሚለው ትርጉም ታከለበት። የመንግሥት አካላት እርስ በርስ መቆጣጠር አለባቸው ሲባል የምንሰማው የእንግሊዝኛ አነጋገርም ከዚሁ ከመግታት የመጣ ነው። እኔም በመስኮቱ ጀርባ የኖርኩት በዚህ ትርጉም እንደነበረ ጽፌላቸዋለሁ። ገንዘብ ከፋይ ሥራው መክፈል ብቻ ይመስላል እንጂ የሚበዛው መግታት ነው።

4ኛው ምስጋና ብቻ ነበር። 5ኛው የቼክ ሪፐብሊክ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኛት ጠየቀ፤ በፊደላችን ሁለቱን ለይተን ስለማንጽፋቸው ጥያቄው ያስኬዳል። 6ኛው መልስ ሰጪ አያገናኛቸውም አለ። የአገሪቱ ስም የሕዝቡ የራሱ መጠሪያ ነው፤ እንግሊዝኛም በፖላንድ አጻጻፍ ወስዶ በሌላ ፊደላት ይጽፈዋል። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

ሙቀቱ የጀመረው በ7ኛው ነው። ፋርስኛ የተማረ ሰው የእኔን «ሞተ» ውድቅ አደረገው፤ በአክብሮት፣ እርስዎ እያለ፣ ግን ሳያመነታ። በፋርስኛ «ማት» የሚባለው መውጫ ያጣ፣ ግራ የገባው፣ የተረታ ነው። የቼዝ ንጉሥ አይገደልም፤ ከሰሌዳው ላይ አይነሣም፤ መሄጃ ሲያጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ዓረቦች ጨዋታውን ከፋርሶች ሲወስዱ «ማት» የሚለው ድምፅ በቋንቋቸው ሞተ ከሚለው ጋር ስለገጠመ እንደዚያ ተረጎሙት፤ አውሮፓውያንም ከእነሱ ተቀብለው እስከ ዛሬ ንጉሡ ሞተ እያሉ ይጽፋሉ። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የሚያዘነብሉት ወደ ፋርስኛው ፍቺ እንደሆነ ጨመረ።

8ኛው መልስ ሰጪ በዚህ ተቆጣ። የራሳችን የሆነውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ልማዳችን ሆኗል፤ «ማት» እና «ሞተ» አንድ መሆናቸውን ለማየት ጆሮ ይበቃል አለ። እርስዎ የሚለውን አክብሮት ትቶም ሰውየውን አንተ አለው። 9ኛው የፋርስኛው ሰው መልስ ነበር፤ እሱም አንተ ብሎ መለሰ፤ ጆሮ ማስረጃ ከሆነ የቼክ ሪፐብሊክም የባንክ ወረቀት ናት ሲል ወደ 5ኛው ጥያቄ ጠቆመ። የ5ኛው ጠያቂ ሳልነካካ ተነካሁ ብሎ 10ኛውን ጻፈ። በ11ኛው አንድ አዛውንት ገብተው ሁሉንም ገሠጹ፤ በዕድሜ የማይተዋወቁ ሰዎች በጽሑፍ ሲነጋገሩ አንቱታው መጠበቅ እንዳለበት፣ የቃል ሥር ለመቆፈር የመጣ ሰው የሰው ክብር መቆፈር እንደሌለበት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ።

እኔ በ12ኛው ላይ ተሳስቼ እንደነበረ ጻፍኩ። ያሳመነኝ ሰሌዳው ራሱ ነው። ሌሎቹ ጠጠሮች ሁሉ እየተበሉ ከሰሌዳ ይወርዳሉ፤ ንጉሡ ብቻ እስከ መጨረሻው በቦታው ይቆያል። ሞት ያለበት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይነሣ ነበር። የዓረብኛው «ማተ» የእኛው «ሞተ» እውነተኛ ወንድም መሆኑን ግን ማንም አልካደም፤ የ8ኛው መልስ ሰጪም ቁጣው ከዚህ እውነት የመነጨ ስለነበር አልፈርድበትም።

13ኛው ከዱባይ ነበር። ዓመታት በንግድ ቤት ሒሳብ ሠራተኛነት እዚያ የኖረ ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ለቼዝ መስጠታችን ተገቢ አይደለም አለ፤ የባንኩ ቼክ በቀጥታ ከዓረብኛው «ሰክ» የመጣ ነው፤ ሰክ ማለት የክፍያ ትእዛዝ የተጻፈበት ሰነድ ነው፤ ዛሬም በዓረብ አገር ያውቁታል። ማስረጃም አመጣ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ተጓዡ ኢብን ሐውቀል፣ በሰሐራ ደቡባዊ ዳርቻ በነበረችው በአውዳጉስት ከተማ የ42,000 ዲናር ሰክ ማየቱን ጽፏል፤ ዕዳው በዛሬዋ ሞሮኮ የነበረችው የሲጅልማሳ ከተማ ነጋዴ ከአውዳጉስት ነጋዴ የሚጠይቀው ነበር። አውሮፓ ገና በከረጢት ወርቅ ስትሸከም እዚያ በወረቀት ይነግዱ ነበር ማለት ነው። 14ኛው መልስ ሰጪ አጨበጨበለት።

መምህርቷ በ15ኛው ተቃወሙ። ሰክ መኖሩን፣ ቀዳሚ መሆኑንም ተቀበሉ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ሌላ መንገድ ተጉዟል አሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ገንዘብ ቤቶች ቼክ ይባል የነበረው ለባለ ገንዘቡ የሚሰጠው ወረቀት ሳይሆን በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ክፍል ነበር፤ ሐሰተኛ ወረቀት ቢመጣ ከእሱ ጋር ተመሳክሮ ይገታ ዘንድ። ስሙ ወደ ሄያጁ ወረቀት የተላለፈው ኋላ ነው። ከዓረብኛ እንዳለ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ስሙ ከመጀመሪያው የሚያርፈው በሚከፈልበት ወረቀት ላይ ነበር። ይህ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ አሳማኝ ክርክር ነው፤ የደረሰኝ ቀሪና በራሪ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ቼክ መጀመሪያ የቀሪው ስም ነበር፤ በራሪው ወሰደው።

የዱባዩ ሰው አልተቀበለም። በ16ኛው መልሱ የአውሮፓ መዝገበ ቃላት የዓረብን ውለታ መሸፈን ልማዳቸው እንደሆነ በምሬት ጻፈ። 17ኛው መልስ ሰጪ እነዚያው መዝገበ ቃላት አልጀብራ፣ ማጋዚን፣ ሹገር፣ ታሪፍ ሁሉም ከዓረብኛ መምጣታቸውን ሳይሸሽጉ እንደሚጽፉ፣ ቼክ ራሱም በዓረብኛ በኩል እንዳለፈ እንደመሰከሩ አስታወሰው። 18ኛው ለማስታረቅ ሞከረ፤ ሥራው ከዓረብ ነጋዴዎች፣ ስሙ ከሰሌዳው ሊመጣ ይችላል፤ የአንድ ነገር ታሪክና የአንድ ቃል ታሪክ ሁለት ናቸው አለ። እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ። የዱባዩ ሰው ግን ወደ ውይይታችን ክር ተመልሶ አልጻፈም፤ በመውጣቱ አዝኛለሁ፤ ያመጣው የአውዳጉስት ሰነድ ከሁላችንም ይልቅ ሀብታም ነበርና።

19ኛው ከለንደን መጣ፤ ክሩን ወደ ሌላ ከፍታ ያነሣውም እሱ ነው። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ «የኤክስቼከር ቻንስለር» ይባላል፤ ኤክስቼከር ደግሞ የቼዝ ሰሌዳ ማለት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ ግብር የሚቆጠርበት ጠረጴዛ ነበር። የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛው ግምጃ ቤት ኃላፊ ሪቻርድ ፊትዝኒል አሠራሩን በዝርዝር ጽፎት ተርፏል። ጠረጴዛው ርዝመቱ አሥር፣ ወርዱ አምስት ጫማ ያህል ነው፤ ዙሪያው የተቆጠረው ነገር እንዳይወድቅ አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ በላዩ በየፋሲካው የሚገዛ ጨርቅ ይነጠፋል። በአንድ በኩል የንጉሡ ሰዎች፣ በሌላ በኩል የየአውራጃው ግብር ሰብሳቢ ሹም ይቀመጣሉ። የመቁጠሪያ ክቦች በዓምዶቹ ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱ ዓምድ ለፔኒ፣ ሌላው ለሺሊንግ፣ ሌላው ለፓውንድ፣ ከዚያ ለሃያ፣ ለመቶና ለሺህ። በሮማውያን ቁጥር መደመርና መቀነስ ጭንቅ ነውና ሁሉም በዓይኑ እያየ ይቆጠራል። ፊትዝኒል ራሱ ስሙን ሲያስረዳ፣ ጠረጴዛው የቼዝ ሰሌዳ ስለሚመስልና በጨዋታው ሁለት ሠራዊት እንደሚጋጠም በዚህም ግምጃ ቤቱና ሹሙ ስለሚጋጠሙ ነው ይላል።

20ኛው ጠያቂ ታዲያ ሹሙ የከፈለው በምን ይረጋገጥለት ነበር አለ። የለንደኑ ሰው በ21ኛው መለሰ፤ በእንጨት። በበትሩ ላይ የገንዘቡ ልክ በጥርስ መልክ ይቀረጽና ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ከከፋዩ፣ ሌላው ከግምጃ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ ሲገጣጠሙ ጥርሶቹ ካልተናበቡ ማጭበርበር አለ። ያ አሠራር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። በጥቅምት 1834 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከማቹትን አሮጌ እንጨቶች በፓርላማው ምድጃ ሲያቃጥሉ እሳቱ ከቁጥጥር ወጥቶ የዌስትሚንስተርን ቤተ መንግሥት አነደደው። ቀሪና በራሪ ከእንጨት! ይህን ባላነብ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

22ኛው የፋርስኛው ሰው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ረጋ ብሎ፣ እርስዎ እያለ። አንድ እርማት ብቻ ነበረው። የኤክስቼከር ጨርቅ ሲባል ብዙዎች ጥቁርና ነጭ ቤቶች የተፈራረቁበት አድርገው ይስሉታል፤ ፊትዝኒል የጻፈው ግን ጥቁር ጨርቅ ሆኖ አንድ ጫማ ወይም አንድ ስንዝር ያህል በተራራቁ መስመሮች የተከፈለ ነው። የለንደኑ ሰው አመስግኖ ተቀበለ፤ እንግሊዞች የባንኩን ቼክ በተለየ ፊደላት መጻፍ የጀመሩትም ይህ ኤክስቼከር የሚለው ስም ተጭኖት እንደሆነ፣ አሜሪካውያን ግን በአሮጌው አጻጻፍ እንደቀሩ ጨመረ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ጎን ሄደ። 23ኛዋ በቨርጂኒያ የምትኖር እህት ናት። በሄደች በመጀመሪያው ወር በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ስትሠራ፣ እንግዶች በልተው ሲጨርሱ ቼክ ይምጣልን ሲሏት ወረቀት የሚጽፉ መስሏት ቤቱ ቼክ አይቀበልም ብላ ለሁለት ጠረጴዛ መለሰች። ሂሳብ እየጠየቋት ነበር። ለመክፈል የፈለገ ሰው አይቻልም ሲባል ምን እንደሚሰማው አስባ ዛሬም ድረስ ያፍራታል። 24ኛው በትምህርት ቤት መምህራችን መልሳችን ላይ ያደርጉት የነበረውን ምልክት እኛ «ራይት» ስንለው አሜሪካውያን ቼክ እንደሚሉት ነገራት። 25ኛው የቤዝቦል ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ለሌላ ቀን መግቢያ የሚሆን የቲኬት ቁራጭ «የዝናብ ቼክ» ይባል እንደነበር፣ ዛሬ ግን ግብዣን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ማለት እንደሆነ ጻፈ።

26ኛው የሕግ ሰው ነው፤ ስለ ቃላችን የጠቀመ ነገር አመጣ። በፍርድ ቤት ቋንቋ በሒሳቡ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ ስንቅ የሌለው ቼክ ይባላል፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ስንቅ የሚለው ከየት መጣ? የ1952ቱን የንግድ ሕጋችንን ረቂቅ ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምሮት ከሞቱ በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው፤ በፈረንሳይኛ ለቼክ የሚቀመጠው ገንዘብና ለጉዞ የሚያዘው ምግብ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ተርጓሚዎቻችን ስንቅ አሉት። መንገደኛው ወረቀት ስንቁን ካልያዘ መንገድ ላይ ይወድቃል። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ማን ሊያመጣ ይችላል? እኔ ለዓመታት ደረቅ ቼክ እያልኩ ስመልስ ነበር፤ ስንቅ ግን ልቤን ነካው። 27ኛው ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ፣ በሲፒኦ ዘመን ስለ ቼክ መነጋገር ምን ይጠቅማል ብሎ አለፈ፤ ማንም አልመለሰለትም።

እንግዲህ የክሩ እንብርት 28ኛው ነው። የጻፈችው በአንድ መሥሪያ ቤት መረጃ የምታጠናቅር ወጣት ናት፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታነብ እንደነበር ተናገረች። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ሰንጠረዥ ነው፤ ዓምድና ረድፍ፣ ስምና ቁጥር። ሰንጠረዥ ደግሞ በአማርኛ የቼዝ ስም ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት የገንዘብ መቁጠሪያቸውን በቼዝ ሰሌዳ ስም ከጠሩ፣ እኛስ የቁጥር መደርደሪያችንን በዚያው በጨዋታው ስም አልጠራነውም ወይ ስትል ጠየቀች።

ከእኛ መካከል ይህን ቀድሞ ያየ አልነበረም። በየቀኑ የምንጽፈው ቃል ነው። የፋርስኛው ሰው በ29ኛው ሥሩን አሳየ። በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ባለ አራት ክፍል ማለት ነው፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያለው ሠራዊት። ፋርሶች «ቻትራንግ»፣ ዓረቦች «ሸጥረንጅ» አሉት፤ እኛ ሰንጠረዥ። ስፔኖችም ከዓረቦች ወስደው «አኸድሬስ» ይሉታል። አብዛኛው አውሮፓ ጨዋታውን በንጉሡ ስም ሲጠራ እኛና ስፔኖች በሠራዊቱ ስም ጠርተነዋል።

30ኛው፣ ያው የ8ኛው ተቆጪ፣ አሁንም ተጠራጠረ፤ ጨዋታው ለእኛ አገር መቼ ኖሮ ያውቃል አለ። 31ኛው መልስ ሰጪ ተቆጥቶ እንኳ አልመለሰም፤ ዝርዝር አቀረበለት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ጽፏል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አጥንተዋል። የእኛ ሰንጠረዥ አጀማመሩ ከሌላው ይለያል። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። የ8ኛው ሰው ይህን ካነበበ በኋላ በ32ኛው አመሰገነ፤ አንተ ያለውንም ሰው ይቅርታ ጠየቀ።

33ኛው መልስ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጸሐፊው አያቱ ይጫወቱበት የነበረውን የሰንጠረዥ ጨርቅ አክስቱ ከሳጥን አውጥታ እንዳሳየችው ጻፈ። ሰሌዳ አይደለም፤ ቀለም የተፈራረቀበትም አይደለም። ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ቤቶቹን የሚለዩ ጥቁር ቁራጮች በመርፌ ተሰፍተውበታል። በቀድሞው ዘመን ሰንጠረዥ እንዲህ ባለው ቀይ ጨርቅ ላይ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት፣ ይጫወቱት እንደነበር የፓንክረስት ጥናት የሚናገረውን የ31ኛው ሰው አረጋገጠለት።

የ22ኛውን እርማት መልሼ አነበብኩ። ጥቁር ጨርቅ፣ በመስመር የተከፈለ። ቀይ ጨርቅ፣ በመስመር የተከፈለ። መምህርቷም ያንኑ አስበው ኖሮ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እንዲለካላቸው ሰውየውን ለመኑት። 34ኛው የእሱ መልስ ነው፦ አራት ጣት፤ አንዱን ማዕዘን ግን አይጥ ስለበላው ከስልሳ አራቱ ቤቶች ስልሳ አንዱ ብቻ ቀርተዋል።